የ22 ደቂቃው ጥያቄ፦ ኦሲዲ፣ የውሸት ትዝታና አንድ የፍቅር ግንኙነት

ይህን ጉዳይ ለምን እጽፈዋለሁ

በምክር አገልግሎት ሥራዬ ብዙ ጥንዶች አጋጥመውኛል። አብዛኞቹ የሚመጡት አንዱ ያደረገውን ሌላው ስለደረሰበት ነው። እነዚህ ሁለቱ የመጡት ግን እሱ አንድ ነገር ያድርግ አያድርግ ራሱ ማወቅ ስላቃተው ነው። እሷ አልጠረጠረችውም። ማንም አልከሰሰውም። ከሳሹም፣ ተከሳሹም፣ ዳኛውም እሱ ብቻ ነበር።

ኦሲዲ አስጨናቂ ሐሳብ ሳይፈለግ እየተመላለሰ፣ ሰውየው ጭንቀቱን ለማብረድ አንድን ድርጊት ደጋግሞ እንዲያደርግ የሚያስገድድ የአእምሮ ሕመም ነው። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው እጅ መታጠብና በር መቆለፉን ደጋግሞ ማየት ነው። በትዝታና በፍቅር በኩል ሲመጣ ግን ሕመም አይመስልም፤ ጸጸት ይመስላል። ስለዚህ ሰዎች ለዓመታት ሕመማቸውን እንደ ኃጢአት ተሸክመው ይኖራሉ። ሌላም ምክንያት አለኝ። መጀመሪያ ላይ እኔም ተሳስቻለሁ፤ ስህተቴም ጎድቶታል። ሌላ ሰው እንዳይደግመው ስል እዚህ አስቀምጠዋለሁ።

ሁለቱም ይህን ጽሑፍ አንብበው ፈቅደዋል። ማንነታቸውን ሊጠቁሙ የሚችሉ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ዳራው

እሱ 31 ዓመቱ ነው፤ እሷ 29። አብረው 3 ዓመት ቆይተዋል። ለመጋባት ተነጋግረው ጨርሰዋል። ተጣልተው የማያውቁ አይደሉም፤ ግን መተማመን ችግራቸው ሆኖ አያውቅም።

ስለ ልጅነቱ ስጠይቀው ሁለት ነገር ነገረኝ። ተማሪ እያለ የቤት ሥራውን ከማስረከቡ በፊት አሥር ጊዜ ያነበው ነበር። መኪና መንዳት ሲጀምር ደግሞ ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር «ሰው ገጭቼ ቢሆንስ?» እያለ ዞሮ ይመለስ ነበር። አንዳንድ ቀን ሦስቴ አራቴ ይመለሳል። በቤተሰቡ ዘንድ «ጠንቃቃ ልጅ» ይባል ነበር። ሕመም ነው ያለው ሰው ግን የለም።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ የሥራ ባልደረባ መሸኛ ግብዣ በኋላ ነው። እሷ አልሄደችም። እሱ ሁለት ቢራ ጠጣ፣ ከጓደኞቹ ጋር ተጫወተ፣ ቤቱ ገባ፣ ተኛ። ለአራት ሳምንት ያህል ስለዚያ ምሽት አንዴም አላሰበም። ከዚያ አንድ ማታ ከእሷ ጋር ቴሌቪዥን እያዩ፣ አንድ ባል ሚስቱን ሲከዳ የሚያሳይ ትዕይንት መጣ። «እኔስ በዚያ ግብዣ ላይ እንዲህ አድርጌ ቢሆንስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለበት። ሆዱ ተገለባበጠ። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ጥያቄው ትዝታ የሆነበት መንገድ

እዚህ ላይ ቀስ ብዬ መሄድ እፈልጋለሁ። የሕመሙ ሥራ ያለው እዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን የነበረው ጥያቄ ብቻ ነው። ምስል የለም። ጥያቄውን ለመመለስ ምሽቱን ከመግቢያው እስከ መውጫው በሐሳቡ መከለስ ጀመረ። በሁለተኛው ቀን ኮሪደር ታየው። በአራተኛው ቀን ኮሪደሩ ላይ አረንጓዴ መጋረጃ ተጨመረ። በሳምንቱ አንዲት ሴት መጣች። ፊቷ አይታይም፤ ሽቶዋ ግን ይሸተዋል። በሦስተኛው ሳምንት አነጋገሩ ተለወጠ። «ቢሆንስ?» ማለቱን ትቶ «ትዝ ይለኛል መሰለኝ» ማለት ጀመረ።

ከዚያ ማስረጃ ፍለጋ ገባ። በዚያ ምሽት ጓደኞቹ ያነሷቸውን ፎቶዎች ሁሉ ሰበሰበ። ሰዓታቸውን እያየ በተራ ደረደራቸው። እሱ ያለባቸውን ለየ። በሁለት ፎቶዎች መካከል 22 ደቂቃ ክፍተት አገኘ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ጠረጴዛ ከቦ ተቀምጧል። በሁለተኛው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሸሚዙ አንገትጌ ግን በአንድ በኩል ታጥፏል። ያቺን አንገትጌ ዙም እያደረገ ለሰዓታት ያያት ነበር። ስልኩን ሰጥቶኝ «ይዩት እስቲ፣ ይሄ ምን ይመስልዎታል?» ሲለኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ጓደኛው ጋ ደወለ። «አብረን ነበርን፣ የትም አልሄድክም» አለው። ለአንድ ሰዓት ያህል ተነፈሰ። ከዚያ «እሱም ጠጥቶ ነበር፤ ልብ ሳይለኝ ቀርቶ ቢሆንስ?» መጣ። በመጨረሻም ግብዣው ወደተደረገበት ቤት ራሱ ሄደ። አረንጓዴ መጋረጃ የለም። ኮሪደሩም እንዳሰበው አይደለም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው በሩ ላይ ይገላገል ነበር። እሱ ግን ወደ መኪናው ሳይደርስ «መጋረጃውን ቀይረውት ቢሆንስ?» ብሎ ቆመ።

ለእሷም መናዘዝ ጀመረ። «አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ምናልባት ሌላ ሴት ስሜ ይሆናል።» ደነገጠች። ጠየቀችው። እሱ ራሱ እንደማያውቅ ሲገባት አቀፈችው፣ አጽናናችው። በማግስቱ ሌላ ዝርዝር ይዞ መጣ። እኔ ጋ በመጡበት ጊዜ በቀን 15 ጊዜ ያህል ይጠይቃት ነበር፤ በአካል፣ በስልክ፣ በጽሑፍ መልእክት። «ይቅር ብለሽኛል? እርግጠኛ ነሽ? እንዲያ ያደረግኩ ይመስልሻል?»

ስለ ትዝታ የሚታወቅ ነገር

ትዝታ የተቀረጸ ቪዲዮ አይደለም። ባስታወስነው ቁጥር አእምሯችን እንደገና ይሠራዋል፤ ሲሠራው ደግሞ የዛሬ ስሜታችንና ፍርሃታችን ይገቡበታል። ኤልዛቤት ሎፍተስ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመችው ጥናት፣ ለ24 ሰዎች በልጅነታቸው ገበያ አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንደነበር የሚገልጽ የፈጠራ ታሪክ ከእውነተኛ ታሪኮች ጋር ቀላቅላ አቀረበችላቸው። አንድ አራተኛ ያህሉ ያልሆነውን ነገር በከፊል ወይም በሙሉ «አስታወሱት»። እነዚህ ሰዎች ኦሲዲ ኖሮባቸው አይደለም። የሰው ትዝታ ተፈጥሮው ነው።

ለዚህ ጉዳይ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ቫን ደን ሃውትና ኪንት የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ አቆጣጠር በ2003 ያወጡት የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። ሰዎች በኮምፒውተር ላይ የጋዝ ምድጃ ከፍተው እንዲዘጉና መዘጋቱን እንዲያረጋግጡ ተደረገ፤ ደጋግመው፣ 20 ጊዜ። በመጨረሻ ሲጠየቁ ትክክል የማስታወስ ችሎታቸው ያን ያህል አልቀነሰም። በትዝታቸው ላይ የነበራቸው እምነት ግን ወረደ። ምስሉም ደበዘዘባቸው። ባረጋገጡ ቁጥር እርግጠኝነቱ ሸሻቸው ማለት ነው።

ይህን ለእሱ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ስለዚህ የምፈልገው ነገር የሚጠፋው በመፈለጌ ነው?» አለኝ። ከዚህ የተሻለ ልገልጸው አልችልም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሐኪሞች ይህን ሕመም «የጥርጣሬ እብደት» ይሉት ነበር። «እብደት» የሚለውን ቃል አልወደውም። ጥርጣሬ የሕመሙ ሞተር መሆኑን ግን ያኔውኑ አይተውታል።

የመጀመሪያው ስህተት የኔ ነበር

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀጠሮዎች ያን ምሽት በዝርዝር እንዲተርክልኝ አደረግኩ። ማን የት ተቀምጦ ነበር፣ መቼ ተነሣህ፣ ማን አየህ፤ እንደ መርማሪ ጠየቅኩት። ያሰብኩት መረጃው ሲሟላ ፍርሃቱ ይረግፋል ብዬ ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ መጨረሻ ላይ «እኔ እስከማየው ምንም አላደረግክም» አልኩት። ፊቱ ሲበራ አየሁ። እኔም ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ደወለ። «ትናንት ያልነገርኩዎት አንድ ነገር አለ፤ ስለዚህ ፍርድዎ ትክክል ላይሆን ይችላል።» በዚያ ሳምንት አራት ጊዜ ደወለልኝ። ሌላ ጓደኛ፣ ሌላ ምስክር፣ ሌላ ማረጋገጫ ሰጪ ሆኜለት ነበር። ለምሽቱም ሌላ የክለሳ መድረክ አዘጋጅቼለታለሁ። በሦስተኛው ቀጠሮ ይህንኑ ነገርኩት፤ ይቅርታም ጠየቅኩት።

ከዚያ መጀመሪያ መደረግ የነበረበትን አደረግን። ወደ ሳይካትሪስት ላክሁት፤ ምርመራው ኦሲዲ መሆኑን አረጋገጠ። ዬል ብራውን በሚባለው፣ 10 ጥያቄዎች ባሉትና ከ0 እስከ 40 በሚቆጥር መለኪያ 29 አመጣ። ከባድ የሚባለው ደረጃ ላይ ነው። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ይኖረው እንደሆነም በግልጽ ጠየቅኩት። «መሞት አልፈልግም፤ ግን እንዲህ መኖርም አልችልም» አለኝ። ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ መጠየቅ አለበት። ሐሳቡ ቁርጥ ያለ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቆይቶ የድንገተኛ እርዳታ ይቅደም።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ሳይካትሪስቱ ኤስኤስአርአይ ከሚባሉት፣ ለድብርትም ከሚሰጡ መድኃኒቶች አንዱን ጀመሩለት። ለኦሲዲ የሚሰጠው መጠን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ይላል፤ ውጤቱን በትክክል ለማየትም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። በአምስተኛው ሳምንት «ምንም አይሠራም» ብሎ ሊያቆመው ነበር። እሷ ናት «እስከተባለው ቀን ድረስ እንጠብቅ» ያለችው።

ከእኔ ጋር የሠራነው ኢአርፒ የሚባለውን ሕክምና ነው። የሚያስፈራህን ነገር ትጋፈጣለህ፤ ጭንቀቱን ለማብረድ የለመድከውን ነገር ደግሞ አታደርግም። ይህ አሠራር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ እየተፈተነ የመጣ ነው። እኔ ይህን አሠራር የሙጥኝ ያልኩትም ሌላ መንገድ ሞክሬ ስላየሁ ነው።

አስጨናቂዎቹን ነገሮች ከቀላል ወደ ከባድ ደረደርን። ቀላሉ የግብዣውን ስም ጮክ ብሎ መጥራት ነበር። ቀጥሎ ፎቶውን ዙም ሳያደርግ አንድ ደቂቃ ማየት። ከዚያ «ምናልባት ሳምኳት፣ ምናልባት አልሳምኳትም፤ በእርግጠኝነት ማወቅ አልችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር በእጁ መጻፍ። ከዚያ ይህንኑ በራሱ ድምፅ ቀድቶ ማዳመጥ። ከላይ ያለው ከባዱ ነገር ደግሞ አረንጓዴው መጋረጃ በሐሳቡ እየተወዛወዘ ከእሷ ጋር ምሽቱን ማሳለፍና አንዲት ቃል አለመናዘዝ ነበር።

ዓረፍተ ነገሩን መጀመሪያ የጻፈ ቀን እስክሪብቶው «ምናልባት» ላይ ቆመ። «ይህን ከጻፍኩ ማመኔ አይደለም ወይ?» አለኝ። አዎም አይደለምም አላልኩትም። «እሱንም ሳታውቅ ጻፈው» አልኩት። ጻፈው። ላብ ከግንባሩ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ለ40 ደቂቃ ያህል ምንም ሳናደርግ ተቀመጥን። ጭንቀቱን ከ10 ስንት እንደሆነ በየተወሰነ ደቂቃው ይነግረኝ ነበር፦ 9፣ 9፣ 8፣ 8፣ 6። ማንም ሳያጽናናው ሲወርድ ያየው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የእሷ ድርሻ

እሷን ለብቻዋ ሳነጋግራት የተናገረችው ዛሬም ከአእምሮዬ አልጠፋም። «በየቀኑ ያልተደረገ ክህደት ይቅር እያልኩ ነው የምውለው» አለችኝ። ቀጠለች፦ «የሚያስፈራኝ ማድረጉ አይደለም። ቢያደርግ እንኳ አንዴ አልቅሼ እወስናለሁ። ይሄ ግን አያልቅም።» ደክሟት ነበር። ተቆጥታም ነበር፤ በታመመ ሰው መቆጣቷ ደግሞ ያሳፍራት ነበር። ቁጣዋ ተገቢ እንደሆነ ነገርኳት። ከልቤ ነው።

ማጽናናቷ ከፍቅር የመጣ ነው። ለሕመሙ ግን ቀለብ ነበር። እሱ ይጨነቃል፣ ይጠይቃል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ለትንሽ ጊዜ ይቀልለዋል። አእምሮውም «መጠየቅ ያድናል» ብሎ ይማራል። በሦስታችን ፊት አንድ መልስ አዘጋጀን። ቃላቱን የመረጠው እሱ ራሱ ነው፤ ይህ ወሳኝ ነበር፦ «ይሄ ሕመሙ ይመስለኛል። እወድሃለሁ። መልስ ግን አልሰጥህም።»

ሦስት ቀን ጸናች። በአራተኛው ማታ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አንጀቷ አልችል አለ። «ምንም አላደረግክም፣ ሆዴ» አለችው። በማግስቱ ጥያቄው ከበፊቱ ባሰ። እኔ ጋ ስትመጣ ያጠፋች መስሏት አንገቷን ደፍታ ነበር። ጥፋቱ የእቅዱ ነበር። ከ15 ወደ ዜሮ በአንድ ጊዜ መዝለል ለሁለቱም ከባድ ነው። ስለዚህ አሻሻልነው፦ በመጀመሪያው ሳምንት በቀን 5 ጥያቄ፣ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 1፣ ከዚያ የለም። ይህኛው ሠራ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራም

በ16 ቀጠሮዎች መጨረሻ፣ ከአምስት ወር ገደማ በኋላ፣ መለኪያው ከ29 ወደ 13 ወረደ። ቀላል የሚባለው ደረጃ ነው። ከመድኃኒቱና ከልምምዱ የትኛው ምን ያህል እንደረዳ መለየት አልችልም፤ አብረው ስለሄዱ።

በድምፅ የተቀዳው ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሳምንት ጥሩ ሄደ። ከዚያ ጭንቀቱ መቀነሱን አቆመ። ስንመረምረው ቅጂው ባለቀ ቁጥር በሆዱ «አላደረግኩም፣ አላደረግኩም» ይል ነበር። ከውጭ ማንም አያየውም። በዚህ ዓይነቱ ኦሲዲ ከባዱ ይህ ነው፤ አስገዳጁ ድርጊት እጅና እግር የለውም። በሐሳብ መከለስ፣ በሐሳብ መከራከር፣ ስሜትን መመርመር፣ እነዚህ ሁሉ ከእጅ መታጠብ እኩል ድርጊት ናቸው። ይህ ሲገባው ነገሩ እንደገና መንቀሳቀስ ጀመረ።

ሐሳቡን በግድ ማባረርም አልሠራም። አንድ ወዳጁ «ሲመጣብህ አቁም በለው» ብሎ መክሮት ነበር። አቁም ባለው ቁጥር ይብሳል። የትንፋሽ ልምምድም ሞክሮ ነበር። በራሱ ክፉ ባይሆንም፣ እሱ ግን ከጭንቀቱ ለማምለጥ ስለተጠቀመበት ተውነው። ፎቶዎቹን ላጥፋቸው ሲለኝም አይሆንም አልኩት። ማጥፋቱ ሽሽት ነው፤ ከዚያም «ማስረጃ አጥፍቼ ቢሆንስ?» የሚል አዲስ በር ይከፍትለታል።

ኃይል ያገኘው ከሚወደው ነገር ነው። ከዚህ ሕመም ምን መልሰህ ማግኘት ትፈልጋለህ ስለው «ስታወራ መስማት» አለኝ። ወራት ሙሉ እሷ ስታወራ እሱ መጋረጃውን ነበር የሚያየው። ልምምዱ ሲከብደው የምንመለሰው ወደዚህ ነበር።

ለሌሎች ጉዳዮች የሚጠቅም

እውነተኛ ትዝታን ከኦሲዲ ጥርጣሬ ለመለየት በዚህ ጉዳይ የረዳኝ የታሪኩ አካሄድ ነው። መጀመሪያ «ቢሆንስ?» መጣ፤ ምስሉ ተከትሎት መጣ። ዝርዝሩ የበዛው በመከለስ ብዛት ነው። ማስረጃ ሲቀርብ ጥርጣሬው ቦታ ቀየረ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በፊትም በሌላ ርዕስ ተመሳሳይ ነገር ነበረበት። ይህን የምጽፈው ለባለሙያና ለቤተሰብ ነው። በዚህ የሚሠቃይ ሰው ግን እንደ አዲስ ማረጋገጫ ዝርዝር ቢይዘውና በየማታው ራሱን ቢፈትንበት እንደገና ወደ ክለሳው ይገባል።

ሌላ የምፈራው ነገር አለ። ይህ ጽሑፍ በሌላ ቤት መሣሪያ እንዳይሆን። በእርግጥ የከዳ ሰው የትዳር ጓደኛውን ጥያቄ «ኦሲዲሽ ነው» ብሎ ሊያፍን ይችላል። እዚህ ጥርጣሬው ራሱን ሰውየውን ነበር የሚያሳድደው፤ ምርመራውንም ያደረገው ሐኪም ነው። «ይሄ ሕመሙ ይመስለኛል» የሚለው መልስ በሕክምና ውስጥ፣ በታማሚው ፈቃድ የሚሰጥ ነው። ያለዚያ ሰውን ማፈኛ ይሆናል።

መናዘዝን በተመለከተ፣ ሐቀኝነት ትልቅ ነገር መሆኑን አምናለሁ። እሱ ላይ ችግሩን ያከበደበትም ይህ ነበር፤ ዝም ማለት መዋሸት መሰለው። የጠቀመው አንድ ጥያቄ ነው፦ «አሁን የምትነግራት እንድታውቅ ነው ወይስ እንዲቀልልህ?» መልሱን ሁልጊዜ ያውቀው ነበር። ለሊቱን ሙሉ የማይታገሥ ጥድፊያ ካለ፣ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ሕመሙ ነው። አንድ ቀን እንዲያሳድረው ተስማማን። ካሳደራቸው አብዛኞቹን በማግስቱ ለመናገር አልፈለገም።

በአምስተኛው ወር ላይ አገረሸበት። እሷ ለሥራ ሄዳ ነበር። ብቻውን ሲሆን ፎቶዎቹን አወጣ፣ ሁለት ሰዓት ዙም ሲያደርግ ቆየ። ወደ ዜሮ የተመለሰ መስሎት ነበር። እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣ አስቀድመን ጽፈን አስቀምጠን ነበር፤ ወረቀቱን አውጥቶ አነበበው፤ በማግስቱ ልምምዱን ቀጠለ። የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር «ይህ ቀን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር» ይላል።

ከአንድ ዓመት በኋላ

ተጋብተዋል። ለክትትል አብረው መጡ። መድኃኒቱን በሐኪሙ ምክር አሁንም ይወስዳል። ጥያቄው በሳምንት አንድ ሁለቴ ብቅ እንደሚል ነገረኝ።

አንድ ፎቶ ሊያሳየኝ ስልኩን አወጣ። ሲፈልግ የግብዣው ፎቶዎች በጣቱ ሥር አለፉ። ባለታጠፈ አንገትጌው ላይ ቆመ። እሷ አየችው፤ ምንም አላለችም። «22 ደቂቃ» አለ። «አሁንም የት እንደነበርኩ አላውቅም።» ከዚያ ጣቱን ገፋ አድርጎ ሊያሳየኝ የፈለገውን አገኘ። አዲሱ ቤታቸው በረንዳ ላይ የተከለቻቸው አበቦች ነበሩ።